ጫማ፣ ዓሣና ጠርሙስ የሚመስሉ ሰንጢዎች

ዕቃ እያስመሰሉ የተሠሩ አሮጌ ሰንጢዎችን እሰበስባለሁ፤ ጫማ፣ ዓሣ፣ ጠርሙስ፣ ሽጉጥ፣ የሴት እግር። ብዙዎቹ በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው። ተመልካች ቀድሞ የሚያየው እጀታውን ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰንጢ ሳገኝ በቅድሚያ ከፍቼ እዘጋዋለሁ፤ ምክንያቱም ቅርጹ ያማረ ሆኖ ስለቱ የሚላወስ ከሆነ በዓይኔ ዋጋው ይወርዳል።

ቀጥ ያለ እጀታ ባለው ተራ ሰንጢ ሞላውን ከጀርባ መግጠም ብዙም አያስቸግርም። እግር የሚመስለው ግን ከባቱ ይሰፋል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ይቀጥናል፣ ከጫማው ላይ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው በዚህ ጠማማ ቦታ ውስጥ ስለቱ የሚያርፍበትን ክፍተትና ሞላው ሳይሰበር የሚለጠጥበትን ርዝመት ማግኘት ነበረበት። በዞሊንገን ሥራው በአንድ ሰው እጅ አያልቅም ነበር፤ አንዱ ብረቱን ይቀጠቅጣል፣ ሌላው በዉፐር ወንዝና በገባሮቹ ዳር በነበሩት የመሳያ ቤቶች ስለቱን ይስላል፣ ራይደር የሚባለው ባለሙያ ደግሞ ክፍሎቹን አገጣጥሞ በችንካር ያያይዛል። የሥራው ሁሉ ክብደት ያረፈው በዚህ በመጨረሻው ሰው ላይ ይመስለኛል።

በአንዳንዶቹ እጀታ ላይ እጅግ ትንሽ ሌንስ አለች፤ ወደ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይን ሲያዩባት ፎቶግራፍ ይታያል። የዚህን መመልከቻ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው ፈረንሳዊው ረኔ ዳግሮን ሲሆን፣ ፓሪስ በ1870 እና 1871 በተከበበች ጊዜ በእርግብ የሚላኩ መልእክቶችን በፎቶግራፍ ያሳነሰውም እሱ ነው።

ስገዛ ማኅተሙ የሚገኝበትን የስለቱን ሥር አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዝ ስላስገደደ፣ ለአሜሪካ ገበያ ተሠርቶ «ጀርመኒ» የሚል ማኅተም ያለበት ሰንጢ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ማኅተም ግን ሊመሰል ይችላል፤ እጀታውን ማየት ይሻላል። ከአሮጌ እጀታ ላይ ቅርጽ ተወስዶ እንደገና የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው ትንሽ ያንሳል፣ የዓሣው ቅርፊትና የጫማው ማሰሪያም ይደበዝዛሉ።

የሴሉሎይድ፣ ማለትም የጥንቱ ዓይነት ፕላስቲክ፣ እጀታ ያላቸውን ከነሐሶቹ ለይቼ፣ ነፋስ በሚገባበት ሳጥን አኖራቸዋለሁ። ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚያወጣው አሲዳማ ጋዝ የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውንም ብረት ያዝጋል።