እርሳሱ አልበዛም፤ አሉሚኒየሙ ነው የጎደለው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ፣ ሻማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከኢራቅ ሜዳዎች አቧራ ጠርጎ በሚያመጣበት ወቅት ነው። አንድ ላብራቶሪ በአቧራማዎቹ ቀናት የተሰበሰቡ የአየር ማጣሪያዎችን መርምሮ፣ በአቧራው ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ) ከአፈር ከሚጠበቀው 12 እጥፍ ገደማ ነው አለ። በሙያው ልማድ ከ10 በላይ የሆነ ቁጥር የሰው ሥራ ምልክት ነው። ጣት ወዲያው ወደ አንድ ማቅለጫ ፋብሪካ ተቀሰረ።

ይህ ቁጥር የሚገኘው በሁለት ማካፈል ነው። የናሙናው እርሳስ ለናሙናው አሉሚኒየም ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ በምድር ቅርፊት ውስጥ ላለው ተመሳሳይ ጥምርታ ይካፈላል። ቅርፊቱ 8 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም፣ ከሚሊዮን 17 እጅ ገደማ እርሳስ አለው። አሉሚኒየም የተመረጠው አብዛኛው ከአፈር ስለሚመጣ ነው። ታዲያ አሉሚኒየሙ አንሶ ከተለካ፣ ከእርሳሱ አንዲት ቅንጣት ሳይጨመር ውጤቱ ያብጣል።

ጥርጣሬ ያመጣው ካልሲየሙ ነው። የዚያ አካባቢ አቧራ የኖራ ድንጋይ ዘር (ካልሳይት) ስለሚበዛበት ካልሲየሙ ከፍ ማለቱ ያለ ነው። አሉሚኒየምና ታይታኒየም አብረው ወደ ታች መውረዳቸው ግን ያለ አልነበረም። አቧራው ከመለካቱ በፊት በአሲድ መሟሟት አለበት። ካልሳይት ናይትሪክ አሲድ ሲነካው ፈልቶ ይሟሟል። ፌልድስፓርና ሸክላ ማዕድን ውስጥ የተቆለፈ አሉሚኒየም ግን በናይትሪክ አሲድ ብቻ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ በ180 ዲግሪ ቢቀቀልም፣ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ላብራቶሪው የተጠቀመው ናይትሪክ ብቻ ነበር።

ከማሟሟያው ዕቃ ሥር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ማንም አለመጠርጠሩም ምክንያት አለው። ማጣሪያው ኳርትዝ ነበር፤ ኳርትዝ ደግሞ በናይትሪክ ስለማይሟሟ ዝቃጩ «የማጣሪያው ቃጫ ነው» ተብሎ ተደፋ። አሉሚኒየሙም አብሮት ተደፋ።

ማረጋገጫው ቀላል ነበር፤ ከመጀመሪያው መሠራት የነበረበትም ይኸው ነው። ይዘቱ የተመሰከረለት የከተማ አቧራ (ኤስአርኤም 1648ኤ፣ አሉሚኒየሙ 3.43 በመቶ) በዚያው መንገድ ቢሟሟ 1.4 በመቶ ብቻ ሰጠ፤ ከመቶ 41 እጅ መሆኑ ነው። ስሌቱን እንየው። እውነተኛው አሉሚኒየም 6 በመቶ፣ እርሳሱ ከሚሊዮን 60 እጅ ቢሆን ውጤቱ 4.7 ነው። አሉሚኒየሙ 2.4 በመቶ ተብሎ ሲነበብ ያው እርሳስ 11.8 ይሆናል። ፋብሪካው የተከሰሰው በዚህች ልዩነት ነው።

መድኃኒቱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ ሲሊኬትን (ፌልድስፓርንና ሸክላን የመሰለውን ማዕድን) የሚፈታው እሱ ነው። ግን ሁለተኛው ሙከራም ከሸፈ። አሲዱ ተጨምሮ፣ ዕቃው ጥርት ያለ መስሎ ታይቶ፣ አሉሚኒየሙ እንደገና አነሰ፤ አሁን ካልሲየሙም አብሮት ወረደ። ፍሎራይድ ከሁለቱም ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ጨው ሠርቶ ከሥር ተቀምጦ ነበር። የሚፈታው ቦሪክ አሲድ ጨምሮ ዳግም በማሞቅ ነው። ለጥቂት ሚሊግራም አቧራ 48 በመቶ የሆነ ሃይድሮፍሎሪክ 0.5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለእሱም 4 በመቶ የሆነ ቦሪክ አሲድ ቢያንስ 6 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ሳይታሰር የቀረ ሃይድሮፍሎሪክ የአይሲፒ ኤምኤስ መሣሪያውን (በሟሟው ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለካውን) የመስታወት ክፍሎች ይበላል። ሲሊኮን ግን በክፍት ዕቃ ሲሞቅ በጋዝ መልክ ስለሚያመልጥ፣ እሱን የሚፈልግ ማጣሪያውን ሳያሟሟ በኤክስሬይ ይለካው።

ይህ አሲድ እንደሌሎቹ አይደለም። ቆዳን አልፎ ይገባል፣ ካልሲየምን ያስራል፣ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል እጅ ሥር ሳይኖር ጠርሙሱ አይከፈት። ዕቃው ሁሉ ቴፍሎን ይሁን፣ መስታወት አይግባ።

ኳርትዙም በቴፍሎን ማጣሪያ ተተካ፤ አለበለዚያ ሃይድሮፍሎሪኩ በመጀመሪያ የሚበላው ማጣሪያውን ነው። ግን ቴፍሎን በከባድ አቧራ ቀን የራሱ ጣጣ አለው። በደቂቃ 16.7 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በ24 ሰዓት 24 ሜትር ኩብ አየር ያሳልፋል። አቧራው በሜትር ኩብ 2 ሚሊግራም ከደረሰ 48 ሚሊግራም በአንዲት ትንሽ ማጣሪያ ላይ ይከመራል፤ ፍሰቱ ይወድቃል፣ የተከመረው አቧራም በማጓጓዝ ጊዜ ይረግፋል። የሚረግፈው ደግሞ በአብዛኛው ትልልቁ፣ አሉሚኒየም ያዘለው ቅንጣት ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ናሙናው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ይሰብሰብ፣ የፓምፑ ፍሰት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይመዝገብ፣ ማጣሪያው በሣጥኑ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይጓጓዝ፤ ሣጥኑ ውስጥ የረገፈ ዱቄት ከተገኘም በአሲድ ታጥቦ ወደ ናሙናው ይመለስ።