ዳማን ለማን ልስጣት?

ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ያነሣኋት ውሻ፣ ዳማ፣ ሴት ነበረች፤ ቤት ማጣቷም ከዚያ ይጀምራል። ቡችሎች ሲወለዱ ወንዶቹን ጎረቤት ይሻማባቸዋል፤ ሴቷ ግን «ነገ ወልዳ ታስቸግረናለች» ተብላ ሜዳ ላይ ትጣላለች። ዳማ እከኳ ድኖ፣ ጎኗ ሞልቶ እንኳ ሊወስዳት የመጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወንድ መሆን አለመሆኗን ነበር።

ስለዚህ ሰው ከመፈለጌ በፊት ሐኪም ፈለግሁላት። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተከተበች፤ ይህ ክትባት ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይጀመርና በየዓመቱ ይደገማል። የሆድ ትል መድኃኒትም ወሰደች። ከዚያ ባሕር ዳር ድረስ ወስጄ አስመከንኋት። ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ወንድ ትፈልጋለች፤ 63 ቀን ያህል አርግዛም ትወልዳለች። ካልመከነች የሚቀጥሉት ቡችሎች ዕጣ የእርሷው ዕጣ ነው። ይህ ወጪ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ግን ያለ እርሱ ለማንም አልሰጣትም ነበር።

ፈላጊ መምጣት ሲጀምር ጥያቄዬን ወደ ሁለት አጠበብሁት። አንደኛው «የቀድሞው ውሻዎ ምን ሆነ?» የሚል ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ለመጋዘኑ ጠባቂ ፈልጎ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ምግብም አይቸግረውም። «አንዱን መኪና ገጨብኝ፣ አንዱ ጠፋ፣ ሌላው ሰንሰለቱ አንገቱን በልቶት ሞተ» አለኝ። «ጋሼ፣ ይቺን እንኳን አልሰጥዎትም» አልሁት። ተቀየመኝ። ቢሆንም ቀንም ሌትም ታስራ የምትኖር ውሻ እየከፋች እንደምትሄድ፣ አንድ ቀን ስትፈታ የምትነክሰውም የሰፈሩን ልጅ እንደሆነ ስለማውቅ አልጸጸትም።

ሁለተኛው «በሁዳዴ ምን ትበላለች?» የሚለው ነው። 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ አጥንት ከየቤቱ ይጠፋል፤ ለውሻ ያላሰበ ቤት ውሻውን ሳያውቀው ወደ ቆሻሻ ክምርና ወደ ጥምብ ይሰደዋል። በሽታ ይዞ የሚመለሰውም ከዚያ ነው። አንዲት እናት ይህን ስጠይቃት «እኛ ጾመን እርሷ ልትበላ ነው?» አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ አስባው ስለማታውቅ ነው። ግን ቤቷ ለዳማ አልሆነም።

ዳማን የወሰዱት በቢቸና መንገድ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ላም ያላቸው እናት ናቸው። የቀድሞ ውሻቸው አርጅቶ ሞቶ ከጓሮ ቀብረውታል። ስለ ሁዳዴ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ «ልጄ፣ በጾም ወተቱ ይናጣል፤ አጓቱን ማን ይጠጣዋል ታዲያ? የበቆሎ ገንፎም ለብቻዋ አገነፋለሁ» አሉኝ። ውሻዋ ሴት መሆኗን አንሥተውም አያውቁም። እንደመከነች ስነግራቸው ብቻ «ተገላገለች» አሉ።

ወዲያው ትቻት አልሄድሁም። መጀመሪያ አብረን ተመላለስን፤ እርሳቸው በእጃቸው አበሏት፣ የልጅ ልጆቻቸው ስትበላ እንዳይነኳት ተነገራቸው። የምትተኛበትን አሮጌ ጋቢ ከነሽታው አስረከብኋቸው፤ ወደ ገበያው እንዳትመለስም ቤቱን እስክትለምድ ከአጥር ግቢ እንዳትወጣ ተስማማን። ሽሮ እንዳይሰጧት አደራ አልሁ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ ጉሮሮ ይወጋል። ሰው ከነከሰች ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ውሻዋንም ሳይገድሉ 10 ቀን መከታተል እንደሚገባ ነገርኋቸው።

አንድ ቃል ብቻ አስገባኋቸው፦ ባይሆንላቸው ለእኔ እንዲመልሷት እንጂ ለሌላ እንዳይሰጧት፣ ሜዳም እንዳይጥሏት። የክትባት ወረቀቷን ከልጆቹ የትምህርት ቤት ካርድ ጋር አስቀምጠውታል፤ የሚደገምበት ቀን ሲደርስ ሐኪም ዘንድ የምንወስዳት አብረን ነው።