በደብራችን ሰባት ደረጃዎች ላይ ራምፕ የሠራንበት መንገድ

ከአራት ኪሎ ብዙ በማይርቅ አንድ የቆየ ደብር የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል አባል ነኝ። እንጀራዬ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪነት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ምቹ እናድርገው ተብሎ ሲወሰን ሥራውን የመከታተሉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። በሌሎች አጥቢያዎች ይህንኑ ያሰቡ ወንድሞችና እኅቶች «እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ነገሩን ያነሣችው ዊልቸር የምትጠቀም የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅት ናት። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መፃጉዕ ነበር። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በአልጋ ተይዞ የኖረው ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «ሰው የለኝም» ያለው ተሰበከ። ከቅዳሴ በኋላ እኅታችን ወደ አስተዳዳሪያችን ቀርባ «አባታችን፣ እኔስ ሰው አለኝ፤ አራት ወንድሞች ተሸክመው ያስገቡኛል። ነገር ግን ሰው ሳልጠራ የምገባበት መንገድ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር» አለቻቸው። ከዚያ በፊት ተሸክሞ ማስገባት በረከት ነው ብለን በቅን ልብ እናደርገው ነበር፤ በረከትም ነው። እርሷ ግን ሌላውን ወገን ነገረችን። ነጠላዋ ይገፈፋል፤ ቀሚሷ ይሰበሰባል። መካከል ላይ መውጣት ብትፈልግ አራት ሰው ከጸሎት ማስነሣት ሊኖርባት ነው። ስለዚህ በበዓል ቀን ውጭ ዛፍ ሥር ሆና በድምፅ ማጉያ ማስቀደስን መርጣለች። ሥራው ሁሉ የተለካው በዚህች ልጅ ንግግር ነው። አንድ ነገር ስንሠራ «ሰው ሳትጠራ ትችላለች?» ብለን እንጠይቅ ነበር።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸው ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤትም እንዲመቻችላቸው ያዝዝ ነበር። ሀገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይህን ለጉባኤው አንብቤያለሁ። ጉባኤውን ያንቀሳቀሰው ግን አዋጁ አይደለም፤ የልጅቷ ቃል ነው።

ሜትር ከመያዜ በፊት አብረን ተጓዝን። እኅታችን በዊልቸሯ፣ ዓይነ ስውሩ የዜማ መምህራችን የኔታ በመቋሚያቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት፣ መስማት የተሳነው ወንድማችን ከአስተርጓሚው ጋር፣ እንዲሁም ደጃፉ ላይ ለዓመታት ምጽዋት ሲቀበሉ የኖሩ አባት ነበሩበት። ከውጭው በር ጀምረን እስከ ቅድስቱ ሄድን። ሰው በቆመበት ሁሉ ቆመን እጽፍ ነበር። የመጀመሪያው እንቅፋት ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን አጥሩ ነው። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ አምሮበታል፤ ከእርሱ ወደ ግቢያችን ስንዞር ግን የብረት በሩ ሥር ያለው ከፍታ ዊልቸር ያቆማል። ከዚያ ክዳን የሌለው የውኃ ቦይ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ኮብልስቶን፣ ግራና ቀኝ ደግሞ የጧፍና የሻማ ሻጮች ጠረጴዛ። ደጃፍ ላይ ያሉት አባት «እኔ እዚህ የምቀመጠው መለመን ስለምፈልግ ብቻ ይመስላችኋል? ከዚህ ወዲያ መሄጃ ስለሌለኝም ነው» አሉ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ላይ «መልካም» በተባለው የመቅደስ ደጅ ዕለት ዕለት ያስቀምጡት የነበረው ሰው ትዝ አለኝ። በየደብሩ ደጃፍ ያየናቸው ሰዎች ስንቶቹ ውስጡን አይተውት ያውቁ ይሆን?

ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ወደሚሠራው ተዳፋት መንገድ፣ ወደ ራምፑ ልለፍ፤ ብዙ ያከራከረን እርሱ ነው።

ሕንፃው በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነው፤ ዙሪያውን በረንዳ አለው፣ ወደ በረንዳው የሚያወጡት ሰባት ደረጃዎች ናቸው። እንደ ሥርዓታችን ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር ይገባሉ። አንድ ራምፕ በአንድ በር ፊት ብንሠራ ወይ ሴቷን በወንዶች በር፣ ወይ ወንዱን በሴቶች በር ማስገባት ሊሆን ነው። ሁለት ራምፕ ለመሥራት ደግሞ በሰሜን በኩል የቆዩ መቃብሮች አሉ፤ እነርሱን መንካት አይታሰብም። መፍትሔው በረንዳው ሆነ። ራምፑን በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ መቃብር በሌለበት፣ ወደ በረንዳው አስጠጋነው። ከላይ የደረሰ ሰው በበረንዳው ዞሮ ወደ በሩ ይሄዳል። ለዚህ ግን በረንዳው ዙሪያውን እኩል ከፍታ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ የቆየው ክፍልና በኋላ የተጨመረው ክፍል የሚገናኙበት ቦታ ላይ የእጅ መዳፍ ያህል መበላለጥ ስለነበር እርሱን በሊሾ ቀስ አድርገን አስተካከልን።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ማንም ሰው ሳይደራደር የሚይዘው ቁጥር 1 ለ12 ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ማለት ነው። የእኛ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲሜትር ናቸው፤ ሰባቱ 105 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ ራምፑ 12 ሜትር ከ60 መርዘም አለበት። ግንበኛው ይህን ሲሰማ «ይሄ እኮ መንገድ ነው፤ በአምስት ሜትር አወጣልሃለሁ» አለኝ። የእርሱ አምስት ሜትር ሲሚንቶ በጋሪ ለሚገፋ ጎልማሳ ይበቃል። በገዛ ክንዷ መንኮራኩር ለምታዞር ሴት ግን ግድግዳ ነው፤ ስትወርድ ደግሞ ማቆም አትችልም። ርዝመቱን ለሁለት ከፍለን፣ ሁለቱንም 6 ሜትር ከ30 አድርገን፣ መካከል ላይ ዊልቸር የሚዞርበትና ሰው የሚያርፍበት አንድ ሜትር ተኩል ሜዳ ተውን። ስፋቱ 120 ሴንቲሜትር ነው። ጠርዙ ላይ መንኮራኩር እንዳያመልጥ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መከላከያ ገነባን። አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ግንበኛው ራሱ ውሃ ልኩን ይዞ ሲለካ ቆየ። የመጀመሪያው ክፍል ሲደርቅ እኅታችን ብቻዋን ስትወጣበት ካየ በኋላ ርዝመት በዛ ብሎ አልተናገረም።

የቆየውን ድንጋይ አልነካንም። ራምፑ በራሱ መሠረት የቆመ ነው፤ ከሕንፃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክፍተት ትተን በሚነሣ ላሜራ ሸፈንነው። ነገ የተሻለ ሐሳብ ያለው ትውልድ ቢመጣ ድንጋዩ ሳይቆስል ሊያነሣው ይችላል። የቆየ ሕንፃ ያላችሁ ደብሮች በዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ግዴታ ነው።

አንድ ቸር ምእመን የራምፑን ወለል በሚያብረቀርቅ እብነ በረድ ላሠራው ብለው ነበር። ስጦታን መመለስ ከባድ ነው፣ በተለይ ለእግዚአብሔር ቤት ተብሎ የቀረበን። ቤታቸው ድረስ ሄደን፣ በሐምሌ ዝናብ እርጥብ እብነ በረድ ላይ ክራንች እንዴት እንደሚንሸራተት አስረዳናቸው። «እንግዲያስ እግር የማይረግጠው ቦታ ላይ አድርጉልኝ» አሉ። የጠበሉ ቤት ግድግዳ በእርሳቸው እብነ በረድ ተሸፈነ፤ ራምፑ በሸካራው የተጠረበ ድንጋይ ለበሰ። የእጅ መያዣውን በሁለቱም ወገን፣ ለትልቅ ሰው በ90 ሴንቲሜትር፣ ለልጅ በ70 ሴንቲሜትር አደረግነው። ብየዳ ቤቱ መጀመሪያ በቱቦላሬ ሊሠራው ነበር። ያረጀ እጅ ማዕዘን ያለውን ብረት አጥብቆ አይዝም፤ ክብ ቧንቧ ይሁን።

ግንባታው እየሄደ ሳለ ከባዱ ጥያቄ ተነሣ። «የቆምክባት ስፍራ የተቀደሰች ምድር ናትና ጫማህን ከእግርህ አውጣ» ተብሎ ለሙሴ ተነግሮታል። ሁላችን ባዶ እግራችንን በምንገባበት ቤት መንገድ የረገጠ መንኮራኩር እንዴት ይገባል? ይህን ያነሡት አባቶች ክፋት የላቸውም፤ ለቤቱ ቅድስና የሚቆረቆሩ ናቸው። አንደኛው ሐሳብ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ዊልቸር ገዝተን በር ላይ ማቀያየር ነበር። እኅታችን በትሕትና «ያን ጊዜም ከወንበር ወደ ወንበር የሚያነሣኝ ሰው ልጠራ ነው» አለች። ዝም ተባለ። ከዚያ የኔታ ተናገሩ፤ «ልጆቼ፣ ይህ መቋሚያዬ ስንት ጭቃ ረግጦ ሲገባ አንድም ሰው ጫፉን ይዞት አያውቅም። ጠርጌው እገባለሁ። እርሷም ጠርጋ ትግባ።» በዚህ ተቋጨ። በረንዳው ላይ ሁለት የመንኮራኩር ዙር የሚያህል ሸካራ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ከጎኑ በወንበር ላይ ሆኖ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ንጹሕ ጨርቅ ሰቀልን። ዊልቸር ያለው ሰው በምንጣፉ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ብሎ፣ ራሱ ጠርጎ ይገባል።

የበሩን ደፍ መቁረጥ አልተቻለም፤ ሕዝቡ የሚሳለመው ነው። በውስጥና በውጭ ከወይራ እንጨት የተሠራ ዝቅተኛ ሽብልቅ አስጠጋንለት፤ ደፉ እንደ ጥንቱ አለ፣ መንኮራኩርም ያልፈዋል። ምንጣፎቹ ግን አድካሚ ነበሩ። ዓመት ዓመት በስእለት የሚገቡት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ ጠርዛቸው ተጣጥፎ፣ ክራንችም የአረጋውያን እግርም ይይዛሉ። የስእለት ምንጣፍ አውጥቶ መጣል አይሆንም። ከበሩ እስከ መቅደሱ መጋረጃ ፊት ድረስ ባለው መተላለፊያ አንድ ምንጣፍ ብቻ አስቀርተን ጠርዙን በቀጭን ላሜራ አሠርን፤ የቀሩትን ወደ ግድግዳው ዘረጋናቸው። ይህ ለየኔታም መንገድ ሆነላቸው። ባዶ እግራቸው የምንጣፉን ጠርዝ እየተከተለ ሰው ሳይመራቸው ከቅኔ ማኅሌቱ ይደርሳሉ። ግቢው ውስጥም ቦይ ተከድኖ፣ ኮብልስቶኑ መካከል ላይ በለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ መንገድ ተሠርቶለታል። የጧፍ ሻጮቹን ለማንሣት አላሰብንም፤ ከመንገዱ አንድ እርምጃ ራቅ እንዲሉ ስንነግራቸው ራሳቸው የመንገዱ ጠባቂ ሆኑ።

ጠበሉ ቤት ራምፑን ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ብዙ ሕመምተኛ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ስለነበር አንሥተን ሸካራ አደረግነው፤ ተቀምጦ የሚጠመቁበት አግዳሚና የእጅ መያዣ ተጨመረ። የመጸዳጃ ቤቱ አንድ በር ወደ 90 ሴንቲሜትር ሰፍቶ ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደረገ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ ውስጥ የወደቀ ሰው ካለ በራሱ አካል ይዘጋበታል።

መስማት ለተሳናቸው ምእመናን የሠራነው ብረትም ሲሚንቶም አይጠይቅም። አስተርጓሚው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ከሰባኪው ጎን ይቆም የነበረው ጀርባውን ለጠዋት ፀሐይ ሰጥቶ ነው፤ እጁና ፊቱ ጥላ ይሆንባቸዋል። ወንድማችን ይህን በጽሑፍ ሲያሳየኝ ለሃያ ዓመት ብርሃን ስለካ ኖሬ ይህን አለማየታችን ገረመኝ። ወደ ሌላው ጎን አዛወርነው፤ ፊት ለፊት ያለው ቦታም ለእነርሱ ተለየ። ሰባኪዎቻችንም ጥቅስ ሲጠቅሱ ምዕራፉን አስቀድመው ይናገራሉ፣ አስተርጓሚው እንዲደርስባቸው።

ራምፑ ካለቀ በኋላ የሚጠቀምበትን ሰው ሳይ ከዊልቸር ይልቅ አረጋውያን ይበዛሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሁን የሚቀመጡት ፊት ነው። አራስ ይዘው ለክርስትና የሚመጡ፣ መሶብ ወርቅ የሚሸከሙ ዲያቆናት፣ ለፍትሐት የአስከሬን ሳጥን የሚያስገቡ ቀባሪዎች ሁሉ በዚያ ይወጣሉ። ይህን አንዳችንም አላቀድነውም ነበር።

የቀረን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው፤ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የምንገዛበት አቅም የለንም። ለጊዜው የእሑድ ጉባኤውን ወደ ምድር ቤቱ አውርደነዋል፤ መዘምራኑ ቦታው ጠበበን ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚያችን አንድ ብቻ ስለሆነ እርሱ በታመመ ቀን ስብከቱ አይተረጎምም። ሁለት ወጣቶች ትምህርቱን ጀምረዋል፤ የትራንስፖርታቸውን ወጪ ሰበካ ጉባኤው ይሸፍናል።