የራይንን ሸለቆ ከእማዬ ጋር እንዴት እንዳየሁት

ፍራንክፈርት የምንኖር ሐበሾች እንግዳ ሲመጣብን የምናሳየው ነገር ተመሳሳይ ነው። መሀል ከተማ ገበያ፣ ማይን ወንዝ ዳር ፎቶ፣ ከዚያ የዘመድ ቤት ቡና። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ላሳያት ፈለግሁ። በባቡር ብዙም ሳይርቅ፣ ግንብና የወይን እርሻ በወንዝ ዳር ተደርድሮ የሚታይበት የራይን ሸለቆ አለ። ዓመታት እዚህ ኖረው አንድም ቀን ያላዩት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ለእነሱም ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሸለቆው ከሩደስሃይምና ከቢንገን ተነስቶ እስከ ኮብሌንዝ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በፈረንጆቹ 2002 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከ40 የማያንሱ ግንቦችና የግንብ ፍርስራሾች አሉበት። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ሁሉንም ለማየት ይሮጣል። እኔ ያወጣሁት ዕቅድ ተቃራኒው ነበር፤ አንድ ግንብ ብቻ ውስጡ ገብተን እናያለን፣ ሌላውን ሁሉ ከወንዙ ላይ ሆነን። አሁንም ለሚጠይቀኝ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው።

ቀን መምረጡ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የወይን ለቀማው በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ አደረግሁት። ያኔ የፍልሰታ ጾም አልቋል፣ ቅዝቃዜውም ገና አልበረታም። እማዬ ደግሞ የእሁድ ቅዳሴ አይታለፍባትም፣ ረቡዕና አርብ ትጾማለች። ስለዚህ ሰኞና ማክሰኞን መረጥኩ። በእነዚህ ቀናት ሰው አይበዛም፤ መርከቡ ላይ የፈለግነው ቦታ ተቀመጥን። ችግሩ በትናንሾቹ ከተሞች ብዙ ምግብ ቤቶች በሳምንቱ መጀመሪያ ይዘጋሉ። ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙስ ይዘን ወጣን፤ እራት የምንበላበትን ቤት ግን ቀድሜ ደውዬ ያዝኩ።

ስለ መንገዱ ሦስት ነገር ካወቃችሁ ሌላው ይቀላል። አንደኛ፣ ወንዙ ወደ ኮብሌንዝ ነው የሚወርደው። መርከብ ከሩደስሃይም ወደ ታች ሲሄድ ይፈጥናል፣ ሲመለስ ከጅረቱ ጋር እየታገለ ስለሆነ በጣም ይዘገያል። እኛ ቁልቁል በመርከብ ሄደን በባቡር ተመለስን። ሁለተኛ፣ በሸለቆው በግራም በቀኝም የባቡር ሐዲድ አለ። ሦስተኛ፣ በመሀሉ አንድም ድልድይ የለም። ከማይንዝ እስከ ኮብሌንዝ ወንዙን መሻገር የሚቻለው በጀልባ ብቻ ነው። ካርታ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ከተሞች ቅርብ ይመስላሉ፤ የጀልባውን ሰዓት ሳታዩ ግን ቀጠሮ አትያዙ። ጀልባው ላይ ቲኬቱ እዚያው ይቆረጣል። የወር የባቡር ቲኬት ቢኖራችሁም ለጀልባውና ለመርከቡ ለየብቻ ትከፍላላችሁ።

ከፍራንክፈርት በቪስባደን አድርጎ በቀኝ ዳርቻ የሚሄደውን የክልል ባቡር ያዝን። በዚህ አቅጣጫ ስትሄዱ ወንዙ በግራ ነው፤ በግራ መስኮት ተቀመጡ። ሩደስሃይም ላይ ሁለት ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ የገመድ መኪና አለች። ከወይኑ እርሻ በላይ እየተንሳፈፈች ኒደርቫልድ የሚባለው ሐውልት ድረስ ትወጣለች። ሐውልቱ በ1871 ጀርመን አንድ አገር መሆኗን ለማስታወስ የቆመ ነው፤ የተመረቀው በ1883 ነው። እማዬ መጀመሪያ አማትባ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ ግን ከእግራችን በታች ወይን የሚለቅሙትን ሰዎች ስታይ ወደ ታች እያጎነበሰች እጇን ታውለበልብላቸው ጀመር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ሸለቆውን ከከፍታ ለማየት ከዚህ የሚቀል መንገድ አላገኘሁም።

ከዚያ በመርከብ ወደ ባካራክ። በዚህ መንገድ ላይ ግንቦቹ ወዲያው ወዲያው ይመጣሉ፦ ኤረንፌልስ፣ ራይንሽታይን፣ ራይከንሽታይን፣ ዞኔክ። እማዬ «ይህ ሁሉ ንጉሥ እንዴት አንድ ወንዝ ዳር ተሰበሰበ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። መልሱ ሲገባችሁ ሸለቆው በሙሉ ትርጉም ይሰጣል።

ብዙዎቹ የንጉሥ መኖሪያ አልነበሩም። ብዙ ግንብ የተሠራው ወንዙን ለመቆጣጠርና ቀረጥ ለማስከፈል ነው። በመካከለኛው ዘመን ራይን የአውሮፓ ዋና የንግድ መንገድ ነበር። በዳርቻው ያለው መሬት ግን በብዙ ጌቶች የተከፋፈለ ነው፤ የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ፣ የትሪር ሊቀ ጳጳስ፣ የፕፋልዝ መስፍን፣ የካትሴንኤልንቦገን ባላባቶች። እያንዳንዱ በራሱ ድርሻ ላይ ነጋዴውን ያስቆማል። ይህን በደንብ የሚያሳየው ካውብ ፊት ለፊት ወንዙ መሀል በደሴት ላይ የቆመው ፕፋልዝግራፈንሽታይን ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው ሉድቪግ የሚባለው የባቫርያ ሰው ንጉሥ ነው። ካውብ ከተማ፣ ከበላዩ ያለው ግንብና ይህ የውሃ ግንብ ተባብረው አንድም መርከብ ሳይከፍል አያሳልፉም ነበር። በራይን ላይ የማለፊያ ቀረጥ ጨርሶ የቀረው በ1868 በተፈረመው የማንሃይም ስምምነት ነው። ይህን ስነግራት እማዬ «ኬላ ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ግንብ ስታይ የምትጠይቀው አንድ ነገር ሆነ፤ የማን ኬላ ነው?

ሌላም ማወቅ የሚጠቅም ነገር አለ። አዲስ የመሰለው ሁሉ አዲስ፣ አሮጌ የመሰለውም ሁሉ የጥንቱ አይደለም። በ1689 የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጦር ብዙዎቹን አፍርሷቸዋል። ለመቶ ዓመታት ፍርስራሽ ሆነው ቆዩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕሩሲያ ልዑላን አንዳንዶቹን ገዝተው እንደ ምኞታቸው መልሰው ሠሯቸው። ራይንሽታይን እንዲህ ያለ ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን የመካከለኛውን ዘመን ኑሮ ለማየት ከሄዳችሁ የምታዩት የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሕልም ነው። አንድ ግንብ ብቻ የምትገቡ ከሆነ ምርጫው የሚያከራክር አይመስለኝም፤ ብራውባህ ያለው ማርክስቡርግ ነው። በዚህ ሸለቆ ኮረብታ ላይ ከቆሙት ግንቦች መሀል ፈርሶ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ያደርነው ባካራክ ነው። የከተማዋ አጥር ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ መሀሏ ላይ በ1368 የተሠራ የእንጨትና የጭቃ ቤት አለ። ከላይ ያለው ሽታሌክ ግንብ ዛሬ የወጣቶች ማደሪያ ነው። በርካሽ ግንብ ውስጥ ማደር ይቻላል፣ ግን አቀበቱ ለእማዬ ስለማይሆን ከታች እንግዳ ማረፊያ ያዝን። አንድ ምክር፦ ክፍል ስትይዙ ከሐዲዱ በተቃራኒ ያለውን ጠይቁ። የዕቃ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል፤ ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ያስተጋባል። እኔ ቀድሜ ሰምቼ ስለነበር በጓሮ በኩል ያለ ክፍል አገኘን፣ እማዬም ደህና አደረች።

እራቱን የበላነው ወይን ገበሬ ቤት ነው። እዚህ አገር ወይን አምራቹ በዓመት እስከ 4 ወር ድረስ ቤቱን ከፍቶ የራሱን ወይን ከቀላል ምግብ ጋር እንዲሸጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። መክፈቱን ለማሳወቅ በሩ ላይ የቅጠል እቅፍ ወይም መጥረጊያ ይሰቅላል። እኛ ሰፈር ጠላ የሚሸጥ ቤት እንጨት ላይ ጣሳ ደፍቶ እንደሚያቆመው ማለት ነው። ብዙዎቹ የሚከፍቱት በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ ደውሎ ማጣራት ያስፈልጋል። በመስከረም ገና እየፈላ ያለ አዲስ ወይን ይቀርባል፤ ፌደርቫይሰር ይባላል። ነጭና ድፍርስ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ከሽንኩርት ቂጣ ጋር ይበላል። ጠጅ ስትጥል የኖረችው እማዬ አንዴ ቀመሰችና «ይሄ ገና አልደረሰም» አለች። ባለቤትየው ስተረጉምለት በጣም ደስ አለው፤ ሪስሊንግ የሚባለውን የደረሰ ነጭ ወይን አምጥቶ ቀዳላት። ፌደርቫይሰር ገዝታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋም፤ ካጋደማችሁት ቦርሳችሁ ውስጥ ይፈሳል።

የወይኑን እርሻ በቅርብ ስታዩት ገበሬዎቹን ታከብራላችሁ። መሬቱ ገደል ነው ማለት ይቻላል። ጥቁሩ ሰሌዳ ድንጋይ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ ይህን ያህል ሰሜን ላይ ወይን የሚበስለውም በከፊል በዚህ ነው። በቁልቁለቱ ላይ ትልቅ ማሽን ስለማይሠራ አብዛኛው በእጅ ይለቀማል። ሥራው ከባድ፣ ገቢው ትንሽ ስለሆነ ብዙ እርከን ተትቶ ጫካ ውጦታል። ዛሬ በመካከለኛው ራይን የቀረው የወይን መሬት ከ500 ሄክታር ያነሰ ነው። ከመርከቡ ላይ ቁጥቋጦ መሀል የድንጋይ እርከን ካያችሁ የተተወ የሰው ድካም ነው። አንድ ጠርሙስ ከገበሬው እጅ መግዛት ትርጉም ያለው እርዳታ ነው እላለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ከባካራክ እስከ ሳንክት ጎአርስሃውዘን እንደገና በመርከብ። ሎረላይ የሚባለው ታዋቂ ዓለት እዚህ ነው፤ 132 ሜትር ይቆማል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ዓለቱን ያነሳል። እኔ ግን ወደ ውሃው ተመልከቱ እላለሁ። ወንዙ እዚህ ይጠባል፣ ይጠመዘዛል፣ ይፈጥናል። ከፊት የሚመጣውን መርከብ ማየት ስለማይቻል ከኦበርቬዝል ጀምሮ ዳርቻው ላይ ለመርከበኞች የመብራት ምልክት ተተክሏል። ዓለቱ ላይ ተቀምጣ በዘፈኗ መርከበኞችን ስለምታሳስት ሴት የሚነገረው አፈ ታሪክም ከዚህ እውነተኛ አደጋ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሳንክት ጎአርስሃውዘን በባቡር ብራውባህ ወረድን። ማርክስቡርግን የጀርመን የግንቦች ማኅበር በ1900 ገዝቶ እስካሁን ይዞታል። መግባት የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ የእንግሊዝኛው ጉብኝት በየሰዓቱ ስለሌለ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ። መግቢያው ላይ ለፈረስ ተብሎ ከዓለት የተፈለፈለ ደረጃ አለ፤ ያልተስተካከለና የሚያዳልጥ ነው። እማዬን ክንዷን ይዤ ቀስ ብለን ወጣን። ጫማችሁ የማይንሸራተት ይሁን። እማዬ ከመድፉና ከጥሩሩ ይልቅ ኩሽናው ውስጥ ቆየች። ምድጃውን ዞራ አየች፣ ጢሱ በየት እንደሚወጣ ጠየቀች፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ጠየቀች። እኔም ግንቡ የገባኝ በእሷ ጥያቄዎች ነው።

ከብራውባህ ወደ ፍራንክፈርት ያው የቀኝ ዳርቻው ባቡር ይመልሳችኋል፤ አሁን ወንዙ በቀኝ ነው። ኮብሌንዝን ሆን ብለን ተውነው። ራይንና ሞዘል የሚገናኙበት ቦታና ማዶ ያለው የኤረንብራይትሽታይን ምሽግ ራሳቸውን የቻሉ አንድ ቀን ይፈልጋሉ።

ለምትሄዱ ሰዎች የቀረው አንድ ነገር የውሃው መጠን ነው። ከጉዞው በፊት የካውብን የውሃ ልኬት ኢንተርኔት ላይ እዩ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2018 ልኬቱ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወርዶ ነበር። ቁጥሩ የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ ጥልቀቱ ከዚያ ይበልጣል። ግን ውሃው ሲቀንስም ሆነ ሲሞላ መርከብ ሊሰረዝ ይችላል። ያን ጊዜ ዕቅዱን በባቡር መቀየር ይቻላል፤ በግራው ዳርቻ ሄዳችሁ በቀኙ ተመለሱ። የመንገደኛ መርከቦቹ በብዛት የሚሠሩት ከፀደይ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ስለሆነ በክረምት ለሚመጣ እንግዳም የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው።