የማሙሽ ወረፋ፣ እንዴት እንዳለፍኩትና የት የት እንደተሳሳትኩ

መጀመሪያ ይሄን ተናግሬ ልገላገለው፣ የልጄን የማሙሽን የኦቲዝም ማዕከል ወረፋ ያስበላሁት እኔው ነኝ። አንድ ዓመት ከአራት ወር የጠበቅነውን ወረፋ። ቃሊቲ ታክሲ ስጋፋ ስልኬን ተሰረቅኩ፣ ሲሙን ዛሬ አወጣዋለሁ ነገ አወጣዋለሁ እያልኩ ባሌ በሰጠኝ ሌላ ቁጥር ስጠቀም ሳምንታት ሄዱ፣ ከዛ አዲሱን ለመድኩትና አሮጌው ቁጥር በቃ ተረሳ። ማዕከሉ ደግሞ ለካ በዛች መሃል ደውሏል። በሚያዝያ በአካል ስሄድ ልጅቷ መዝገቡን ገልብጣ ከማሙሽ ስም ጎን "ስልኩ ዝግ ነው" የሚል አሳየችኝ፣ ሁለቴ ተሞክሯል፣ ቦታው ለሚቀጥለው ልጅ ተሰጥቷል። ልቆጣ አልኩና አቃተኝ። ታክሲ ውስጥ ግን እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ አለቀስኩ፣ ረዳቱ እንኳን ሂሳብ ሳይጠይቀኝ ቀረ።

ማሙሽ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል "ውሃ" ይል ነበር፣ ከዛ ያቺም ጠፋች። ስሙን ስትጠራው ዞር አይልም፣ የቢስኩት ላስቲክ ስትቀድ ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል፣ በጣቱ አያሳይም፣ እጄን ይዞ እየጎተተ ነው የሚወስደኝ። አማቴ "አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታ፣ ተይው" አሉ። የታችኛው ፎቅ እትዬ ደግሞ ዓይን ነው አሉ። ጸበል ወስጄዋለሁ፣ አልጸጸትም፣ የሚቆጨኝ ሐኪምም ጸበልም በአንድ ላይ አለማስኬዴ ነው፣ ስምንት ወር እንደዛ ሄደ። ሐኪሙ ሲያየው መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪ አለኝ፣ የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ ስለማይዞር ያንን ሳያጣሩ መናገር አይቻልም። ጆሮው ደህና ሆኖ ተገኘ። ኦቲዝም በደም ወይም በራጅ አይታወቅም፣ ልጁን እያዩ እኛን እየጠየቁ ነው የሚወስኑት፣ እና እኔ የምርመራ ወረቀት ሲሰጠኝ በማግስቱ ትምህርት የሚጀምር መስሎኝ ነበር።

መስከረም 2014 ነው የመጀመሪያውን ቦታ የተመዘገብነው፣ ሦስት ዓመቱ ነበር። "እንደውልላችኋለን" ተባልን፣ እኔም የዋህ ቤቴ ገብቼ ጠበቅኩ። ወረፋው ለምን እንደማይንቀሳቀስ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው፣ ሌላ ቦታ የምትሠራ አንዲት አስተማሪ ናት ያስረዳችኝ። የባንክ ወረፋ አይደለም አለችኝ፣ ባንክ ቤት ሰው ገብቶ ይወጣል፣ እዚህ የገባ ልጅ አይወጣም። አንድ አስተማሪ የምትይዘው አንድ ሁለት ልጅ ነው፣ ልጁ ቢሻለውም የሚቀበለው መደበኛ ትምህርት ቤት እንደልብ አይገኝም፣ ስለዚህ እዛው ያድጋል። ቦታ የሚገኘው ሰው ሰፈር ሲቀይር ወይ ከነአካቴው ሲያቋርጥ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከል፣ ዘሚ የኑስ የመሠረተችው ጆይ፣ የተከፈተው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም ለገዛ ልጇ ቦታ አጥታ የተነሳች እናት ናት፣ ነፍሷን በገነት ያኑራት። ከዛ በኋላ ሌሎችም ተከፍተዋል ግን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የት ይደርሳሉ።

እና ከስልኩ ጉድ በኋላ አካሄዴን ቀየርኩ። አንድ ቦታ ብቻ መመዝገብ ሞኝነት ነው፣ በሦስት ቦታ አስመዘገብኩት፣ አንዱ ጋ የእድሜ ገደብ ስለነበረው ቶሎ መሮጤ ጠቀመኝ። የኔን፣ የባሌንና የእህቴን ቁጥር፣ ሦስቱንም አስጻፍኩ። የምርመራው ወረቀት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የኔ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉም በአራት በአራት ኮፒ ሆኖ በአንድ ፌስታል በር ጀርባ ተሰቅሏል። በየሁለት ወሩ በአካል ሄጄ "አለን፣ አልቀረንም" እላለሁ። ጉዳይ ለማስፈጸም አይደለም፣ ማንንም መቅደም አልፈልግም፣ መዝገብ ላይ ያለ ስም ፊት ሲኖረው ግን ሰው ደግሞ ለመደወል ይሞክራል። ጥበቃው ሳይቀር "ማሙሽ ደህና ነው?" ይለኝ ጀመር። አንድ ሰውዬ ደግሞ "ትንሽ ነገር ካለሽ ላስገባልሽ" ብሎኝ ነበር፣ እሱን አለፍኩት፣ እንደዛ የገባ ልጅ ማንን ገፍቶ እንደገባ ሳስብ ሆዴ እሺ አላለኝም፣ ደግሞስ ሰውዬው እውነት ይችል እንደሆን ማን ያውቃል።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ወረፋው ራሱ አልነበረም። ያቺው አስተማሪ ስለ ወላጆች ስልጠና ነገረችኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ዘጠኝ ጊዜ በቡድን ሦስት ጊዜ ደግሞ ቤት ድረስ መጥተው የሚያሳዩበት፣ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች፣ እዚህ ኢትዮጵያም ተሞክሯል። እኔ ስልጠናው ውስጥ አልገባሁም፣ የወሰደች እናት አገናኘችኝና ቤቷ ቡና እየጠጣን አስተማረችኝ። ነገሩ ቀላል ነው ግን ትዕግስት ይጨርሳል። ልጁ የሚያየውን አንተም እይ፣ እሱ ክዳን የሚያሽከረክር ከሆነ አብረህ አሽከርክር። ውሃና ጭማቂ ሁለቱንም ያዝና አሳየው፣ ከዛ ዝም በል። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ! እኔ እኮ ሲያንጎራጉር ገና ከመጠየቁ በፊት የምሰጠው ሰው ነበርኩ፣ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፣ እህቴ ደግሞ ከጎን "አንቺ ስጪው እንጂ ልጁን አታስጨንቂው" ትለኛለች። በሦስተኛው ወር ላይ ጭማቂውን በጣቱ ነካ። ቃል አልወጣውም፣ ግን እጄን አልጎተተም፣ ራሱ መረጠ።

ጥቅምት 2016 አንደኛው ቦታ ደወለ፣ የተደወለውም ለእህቴ ነው፣ የኔ ስልክ ኔትወርክ አልነበረውም። ግማሽ ቀን ነው፣ ጠዋት ብቻ። ከዚህ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ታክሲ፣ ማሙሽ ሰልፍ ላይ ሲጮህ ሰው ዞር ብሎ ያየናል፣ አሁን አሁን እኔም መልሼ አያቸዋለሁ። ሥራዬን ትቻለሁ፣ ባሌ ማታ ማታ ራይድ መንዳት ጀምሯል፣ ይሄንን የሚጽፍ ሰው ብዙ ስለማላይ ነው የምናገረው፣ ቦታ ሲገኝ ወጪው ያኔ ነው የሚጀምረው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ አስመዘገብኩት። ሦስት ስልክ ቁጥር ሰጠኋቸው። ልጅቷ "ኧረ አንድ ይበቃል" አለች፣ እኔም "ጻፊልኝ የኔ እህት" አልኳት።