ጎመኑ ውስጥ ምን አለ?

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሉዊዚያናና የአሜሪካ ደቡብ ምግብ በሚያቀርብ ሬስቶራንት ነው። አስተናጋጅ ነኝ። ነገሩ የሆነው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ረቡዕ ማታ ነው።

ድሮ አብረን ቤት ተከራይተን የኖርን ሦስት ጓደኞቼ እራት ሊበሉ መጡ። የአንዱ እናት ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር እሳቸውንም ይዘዋቸዋል። በጣም ደስ አለኝ። መስኮት አጠገብ ያለውን ጥሩ ጠረጴዛ ሰጠኋቸው።

ጓደኞቼ አይጾሙም፤ የሚፈልጉትን ያውቃሉ። ጉምቦ የሚሉትን ወፈር ያለ የሉዊዚያና ወጥ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሽሪምፕ በግሪትስ አዘዙ። ሽሪምፕ ቅርፊት ያላት ትንሽ የባሕር እንስሳ ናት። ግሪትስ ማለት ከበቆሎ የሚሠራ ቀጠን ያለ ገንፎ ነው። እማማ ግን ሜኑውን አጥፈው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ የጾም ነገር አይጠፋም?»

«ኧረ አለ እማማ! ጎመን አለ። ልክ እንደኛ ጎመን ነው።»

ቅጠሉ እውነትም የኛው ነው። ኮላርድ ይሉታል፤ እዚህ ያለን ሐበሾች ቤታችን ጎመን የምንሠራው በእሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሳህን ስመላለስ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። ምን እንዳለበትም ጠይቄ አላውቅም። ጎመን አይደለ? ምኑ ይጠየቃል?

ከነጭ ሩዝ ጋር አቀረብኩላቸው። በስመ አብ ብለው ጀመሩ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሂሳብ ስቀበል ጓደኛዬ በእጁ ጠራኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

እማማ ቅጠሉን በሹካ ወደ ጎን ገልጠውታል። ከሥሩ እንደ ክር የተተረተረ ሮዝ ሥጋ አለ። አጠገቡ ጥፍር የምታህል ቆዳ፣ ጮማዋ እንደተጣበቀባት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የጠየቁኝ።

ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ሼፋችን የሉዊዚያናዋ ከተማ የኒው ኦርሊንስ ሰው ነው፤ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ትዕግሥተኛ። ሳይደብቅ ነገረኝ። በጭስ የደረቀ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ነው። ጠዋት ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው፤ ጎመኑ የሚጨመረው ውኃው ጣዕሙን ከያዘ በኋላ ነው።

ከኩሽናው እስከ ጠረጴዛው ሩቅ አይደለም። ያን ዕለት ግን ረዘመብኝ። በመንገዴ ላይ «የበሬ ነው ልበላቸው ይሆን?» ብዬ አስቤያለሁ። ጾም መግደፉ አንድ ነገር ነው፤ አሳማው ግን ሌላ ነው። ደርሼ ፊታቸውን ሳይ መዋሸት አቃተኝ።

«እማማ፣ የአሳማ ነው። ሳልጠይቅ ነው የሰጠሁዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ልጃቸው ደግፎ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰዳቸው። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኛል። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አውቀህ አላደረግኸውም» አሉኝ። «እኔ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።» ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ለሌላም ሰው እንዲህ ብለህ ሰጥተህ ታውቃለህ?»

ሰጥቻለሁ። ወዲያው ትዝ አለችኝ። ከሁለት ወር በፊት ሂጃብ የለበሰች ልጅ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር መጥታ ጎመኑን ጠይቃኝ ነበር። «ሥጋ የለበትም፣ ቅጠል ብቻ ነው» አልኳት። አመስግና በላች። ስሟን አላውቅም፣ ስልኳ የለኝም፤ እስካሁን ያቺ ልጅ ምን እንደበላች አታውቅም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴን ይበላኛል።

ማናጀሩ የእራቱን ሂሳብ ሰረዘላቸው፣ ይቅርታም ጠየቀ። እኔን አልተቆጣኝም። የኩሽናውን ግድግዳ ነው ያሳየኝ። እዚያ የአለርጂ ዝርዝር ተለጥፏል። የአሜሪካ ሕግ ዋና የሚላቸው አለርጂ አምጪ ምግቦች 9 ናቸው፤ ሰሊጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው የተጨመረው። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና መሰሎቹ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ ሁሉም አለ። አሳማ የለም። አሳማ አለርጂ አይደለማ! በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላ ሰው ያለው መከላከያ የአስተናጋጁ አፍ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ አፍ የእናቴን ቤት ጎመን ነበር የማወራው።

በማግስቱ ሥራ ሳይጀመር ሼፉ አስተናጋጆቹን ሁሉ ሰብስቦ ድስቶቹን አንድ በአንድ ከፈተልን። ቀይ ቦሎቄ በሩዝ የሚባለው፣ በኒው ኦርሊንስ የልብስ ማጠቢያ ቀን በነበረው ሰኞ የሚበላው፣ አሳማ አለበት። ጉምቦው ውስጥ አንዱዊ የሚሉት የአሳማ ቋሊማ አለ፤ መረቁ ራሱ የሽሪምፕ ቅርፊት ተቀቅሎ የወጣ ነው። የጉምቦው መሠረት ሩ ይባላል። ዱቄት በዘይት ውስጥ ቸኮሌት እስኪመስል ድረስ ሳያቋርጡ ይማሰላል። እኔ ቁሌት ታወሰኝ፤ ለአፍታ ከዘነጉት ያው ያራል። ዲርቲ ራይስ የሚሉት ሩዝ የዶሮ ጉበት አለበት። የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና አሬራ አለበት። ድንቹ የሚጠበሰው ዓሣው በተጠበሰበት ዘይት ነው። ነጩ ሩዝ እንኳ ቅቤ ነበረው። ለእማማ ከሰጠሁት ውስጥ አንድም የጾም አልነበረም።

ሼፉ ጎመኑ ለምን እንዲህ እንደሚሠራ ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ። በባርነት ዘመን ጥሩው ሥጋ ለጌታው ይሄዳል፤ ለባሪያዎቹ እግሩ፣ ጆሮው፣ አንገቱ ይቀራል። አያቶቹ ያንን ከመራራ ቅጠል ጋር ለረጅም ሰዓት ቀቅለው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። መረቁ ፖት ሊከር ይባላል፤ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። ለእሱ ያ አጥንት ክብሩ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ያንን ድስት ቀለል አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ስለ ጾማችን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እነሱም ጋ ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ የሚበላ የቅጠል ጉምቦ አለ አለኝ። ዱኪ ቼዝ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የተከፈተው የኒው ኦርሊንስ ሬስቶራንት በዚህ ይታወቃል። ሊያ ቼዝ የሚባሉት ስመ ጥር ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ የዚያ ቤት እናት ነበሩ። እኔም ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንደምንበላ አጫወትኩት። ስንዴና ባቄላ ብቻ መሆኑ ገረመው። የእነሱ ጉምቦ ሥጋ አለበት፤ በማግስቱ ስቅለት ስለሚጾሙ ሐሙስ ጠግበው ይበላሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሲጠይቀኝ «ቆይ፣ ጠይቄ ልምጣ» እላለሁ፤ መቶ ጊዜ የተጠየቅሁት ቢሆንም። የድስቱ ይዘት በየቀኑ ሊለወጥ ይችላል።

እማማ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሳምንት ሲቀራቸው ሼፉ ራሱ «ያቺን እናት ጥራልኝ» አለኝ። እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበርኩ። መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው እዚያው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሳህኑን ይዤ ስቀርብ ሹካውን አላነሱም።

«ምን አለበት?»

«ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ቃሪያ፣ ጨው።»

«ዘይቱ?»

«አዲስ ጠርሙስ ነው። ሲከፈት አይቻለሁ።»

«ድስቱስ?»

«ዛሬ ጠዋት የተገዛ ነው እማማ። ከጀመረ እስኪያልቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

አሻግረው ወደ ኩሽናው በር አዩ። ሼፉ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እዚያ ቆሟል። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። ከዚያ ሹካውን አነሱ።