ብርቱካን ከተለቀመም በኋላ ይታገላል፣ እኔ ጁስ ቤቴ ውስጥ እንዴት እንዳገዝኩት

አራት ኪሎ ጁስ ቤት አለኝ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ብርቱካኑ እኔጋ እስኪደርስ ብዙ ይንገጫገጫል፣ እና ከሳጥኑ አንዱ ነጭ ሻጋታ ያወጣና ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል፣ ሲነኩት ቡን ይላል። ዱቄቱ ፔኒሲሊየም ዲጂታተም የሚባለው ፈንገስ ስፖር ነው፣ የሚራባበት ዘሩ በሉት። ጤነኛ ልጣጭ በስቶ አይገባም፣ የሚገባው በቁስል ነው፣ በጥፍር የተጫረች እንኳን ትበቃዋለች።

እዚሁ ሳይንስ ፋኩልቲ የሚማር ደንበኛዬ "ጋሼ፣ ብርቱካኑ እኮ ተለቅሞም በህይወት አለ" ብሎ ካስረዳኝ በኋላ ነው አሰራሬን የቀየርኩት። ፈንገሱ ቁስሉ ጋ ሲደርስ የልጣጩ ሴሎች ከፈንገሱ ግድግዳ የሚረግፈውን ካይቲን ይለዩታል፣ ወዲያው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ፣ እንደ ኤቲሊንና ሳሊሲሊክ አሲድ ያሉ ሲግናሎች ወሬውን ያዳርሳሉ፣ ከዛ ካይቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይመጣል፣ ስኮፓሮን የሚባል ፈንገስ የሚያዳክም ነገር ይሰራል፣ የቁስሉ ዙሪያም በሊግኒን ይጠነክራል፣ እንጨትን እንጨት የሚያደርገው እሱ ነው። ፈንገሱም አይተኛም፣ ሲትሪክ አሲድ እየለቀቀ ቦታውን ያኮመጥጠዋል፣ ፐርኦክሳይዱንም ያፍነዋል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን የሊሞኒን ነገር ነው፣ ያ ስንልጥ አይን የሚያቃጥለው ዘይት ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ መከላከያ ይመስለኝ ነበር፣ እስፔን ውስጥ ግን ሊሞኒኑ እንዲቀንስ ተደርጎ በዘረመል የተሰራ ብርቱካን ይሄን ሻጋታ ይበልጥ ተቋቁሟል።

ስለዚ ስራው ቁስል መቀነስና ለልጣጩ ጊዜ መስጠት ነው። ሳጥን መወርወር ቀረ። ገና ትላንት የተለቀመ ሲመጣልኝ በላስቲክ ሸፍኜ፣ ከስር እርጥብ ጆንያ፣ ከጎን አምፖል፣ ቴርሞሜትር አድርጌ ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ለ2 እና 3 ቀን አቆየዋለሁ፣ እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ ቢሆን ነው የሚመረጠው፣ ቁስሉ ያኔ ይሽራል። ለብ ያለ ቦታ ግን ከሁሉም ይከፋል፣ 25 ዲግሪ አካባቢ ፈንገሱ ራሱ የሚወደው ነው፣ ስለዚ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ባይሞክረው እመርጣለሁ። ከተለቀመ የቆየውን በ1 ሊትር ውሃ 30 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ ትንሽ ደቂቃ እነክረውና በደንብ አደርቀዋለሁ፣ ሶዳው ስፖሩ እንዳይበቅል ይይዘዋል፣ ውስጥ የገባውን ግን አያድነውም።

የሻገተውን ሳላራግፍ በፌስታል ጠቅልዬ ነው የማወጣው። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ብርቱካንም መታየት አለበት፣ ሰማያዊው ሻጋታ ፔኒሲሊየም ኢታሊከም ብርድ ከአረንጓዴው የተሻለ ይችላል፣ ከነካው ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ስለዚ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት እያገላበጡ ያያሉ፣ ጥፍራቸውንም ቆርጠው ነው የሚገቡት።